የጭልፊቱ ጉርድ ፎቶ

ባሌ ስለ ዓይኑ ሲያወራ አይታመንም። አርባ ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ እያነሳ ያኖረን ሰው፣ ዓይኔ ደከመ ብሎ እንዴት ይመን! የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሲጋርድበት ሁለት ዓመት የሚያይ መስሎ አታለለኝ። ደረጃውን ቆጥሮ ይወርዳል፣ ጋዜጣ ዘርግቶ ገጽ ይገልጣል፣ በየማለዳው «ዛሬም አምሮብሻል» ይለኛል። የነቃሁበት በሩ ላይ የሰቀልኩትን ካፖርት «ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?» ያለው ቀን ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆነ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ለብቻዬ ጠርታ፣ «እማማ፣ በጣም ቆይታችሁ ነው የመጣችሁት። ይበራል ብዬ ቃል አልገባልዎትም» አለችኝ። ፋሻው ከተፈታ ወዲህ «ታያለህ?» ስለው «ጥርት አድርጌ!» ይላል። ድሮም የሚለው ይህንኑ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አላመንኩትም።

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ልብስ ሳሰጣ እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንቺ፣ እንዳትንቀሳቀሺ! ዛፉ ላይ ጭልፊት አለ።»

ቀና ብዬ ባይ ከደረቅ ቅርንጫፍ በቀር ምንም የለም። ካፖርቱ ዛፍ ላይ ወጣ ማለት ነው አልኩ።

«አይ አንተ ሰውዬ፣ ቅርንጫፍ እኮ ነው።»

«ቅርንጫፍ ዓይኑን ያርገበግባል እንዴ? ይልቅ ካሜራዬን አምጪልኝ።»

ለመከራከር አቅም አጣሁና አመጣሁለት። የገጠመበት አሮጌ ሌንስ በእጅ ሲያዞሩት ነው ምስሉን የሚያጠራው፤ ዓይን ካላየ ፎቶውም ጭጋግ ነው። እሱ ግን ሌንሱን እያዞረ አነጣጠረ። ቆየ። በጣም ቆየ።

«ምን እየጠበቅህ ነው?»

«በጎኑ ነው ያለው። ፊቱን ይመልስ እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ዛፉ፣ «አገጭ ዝቅ… ትከሻ ቀና… ጎሽ!» አለና አነሳው።

መነጽሬን አድርጌ ካሜራውን ተቀበልኩት። ስክሪኑ ላይ አንድ ጭልፊት በቢጫ ዓይኑ ፊት ለፊት አፈጠጠብኝ። በመንቁሩ ዙሪያ ያሉት ላባዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቀና ስል ያ ደረቅ ያልኩት ቅርንጫፍ ክንፉን ዘርግቶ በጎረቤት ጣሪያ ላይ አለፈ።

«ታዲያ ክንፉስ? ጅራቱስ? ይህን የመሰለ ወፍ ከትከሻው በታች ቆርጠህ ጣልከው?»

«ጉርድ ነዋ!» አለኝ፣ ተቆጥቶ።

ካሜራውን መለስኩለትና እየሳቅኩ እርጥቡ ልብስ ላይ ተቀመጥኩ። ተመስገን አልኩ፤ ያቺን ልጅ እግር ሐኪም እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ ብዬ ባለችበት መረቅኳት።

ቀና ስል ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮታል። ሌንሱን ቀስ እያለ አጠራ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገና ፊቴን አተኩሮ አየ።

«አንቺ… ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

«እሰይ!» አልኩት፣ እንባዬ እየወረደ። «ና ቅረብ፣ ሽብሽቡንም ቁጠርልኝ።»