አራተኛው ኬክ

ኮርቢኒያን ሌክነር ሙኒክ አጠገብ ጋርሺንግ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ግማሽ ዕድሜውን ሰማይ ሲመረምር ኖሮ፣ ስም ያወጣው በኬክ ነው። በክፍላቸው ደንብ አለ፤ ሩቅ የጋላክሲ ዘለላ አገኘሁ ብሎ ያወጀ ሰው ነገሩ ውሸት ሆኖ ከተገኘ፣ አርብ ከሰዓት ለሁሉም በገዛ እጁ ኬክ ጋግሮ ያበላል። ኮርቢኒያን ሦስት ጊዜ አውጆ ሦስት ጊዜ ጋግሯል። የመጀመሪያው ዘለላ የጎረቤት ኮከብ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው ተጠጋግተው የሚታዩ ጥቁር ጉድጓዶች፤ ሦስተኛው ደግሞ የቴሌስኮፑ የራሱ መስታወት ነጸብራቅ። ሰማዩ ባያውቀውም የገበያዋ እንቁላል ሻጭ አሳምራ ታውቀዋለች።

እነሱ የሚፈልጉት ብዥ ያለ ነገር ነው። ኮከብ ኤክስሬይ በሚያይ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲታይ ነጥብ ነው። ዘለላ ግን በጋላክሲዎቹ መሀል የሞላው ጋዝ ስለሚግል፣ ሸሚዝ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ዙሪያውን ይሰፋል። በጣም ከራቀ በተራ ፎቶ ቦታው ባዶ ነው የሚመስለው፤ ቺሊ ተራራ ላይ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ ካላየው እውነቱ አይለይም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት እንዲህ ያለ ጠብታ ኮርቢኒያን ስክሪን ላይ ታየ። ልቡ ዘለለ። ጡረታ ሳይወጣ አንዲት፣ የራሱ የሆነች ዘለላ ማግኘት ነበር ምኞቱ፤ ይህቺ መሆኗንም አወቀ። ወዲያው ደግሞ የአርቡ ሳቅ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

«ምን ላይ አፍጥጠህ ነው?» አለችው ፊት ለፊቱ የምትሠራው ዊብከ።

«ቆሻሻ ነው፤ የካሜራው እንከን።»

«ኧረ አይመስልም! በፎቶ እኮ ቦታው ባዶ ነው።»

«እመኚኝ፣ በእንከን ማን ይስተካከለኛል?»

«የቺሊውን ቴሌስኮፕ አትጠይቅበትም ማለት ነው?»

«እኔ? ሰዉ በኔ ኬክ ወፍሮ አለቀ እኮ! ካማረሽ ውሰጂው። እንቁላል ግን ካሁኑ ግዢ።»

«በቃ፣ ወሰድኩት!»

እሱም ሳቀ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ «መልሺልኝ» ሊላት ተነስቶ ነበር፤ ቡና ማሽኑ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ጀግናው ሰማይ መርማሪ ጠረጴዛ መሻገር አቃተው።

መጸው ሲገባ የቺሊው ምስል መጣ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ጥቃቅን ቀያይ ጋላክሲዎች ተቃቅፈው ተቀምጠውበታል። ክፍሉ እንዲህ የራቀ ዘለላ አግኝቶ አያውቅም። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ኮርቢኒያን ነው፤ መዳፉ እስኪቃጠል አጨበጨበ፤ ውስጡ ግን አረረ።

በደንቡ መሠረት ዘለላው እውነት ከሆነ ኬክ የለም። አለቃቸው ሂልትሩድ ግን «ያንተ ኬክ የሌለበት አርብ ምኑ አርብ ነው?» አለችው። ጋገረ። የፕሪም ኬክ ነው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ተሳክቶለት አያውቅም፤ መሳካቱም አናደደው።

አርብ ዕለት ሁሉም ሳህኑን እንደያዘ ዊብከ ወደ እሱ ዞረች። «ቀድመህ ያየኸው አንተ ነህ። የምርህን ንገረኝ፣ ለምን ተውከው?»

ሰዉ ቀልዱን ሊሰማ ጸጥ አለ። ኮርቢኒያን «እንቁላል ስለተወደደ» የሚል መልስ አዘጋጅቶ ነበር። አፉ ግን እምቢ አለው።

«ፈርቼ ነው» አለ። «እውነት መሆኑን አውቄ ነበር። ደግማችሁ እንዳትስቁብኝ ፈራሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሂልትሩድ እንባዋን እየጠረገች «አንተ ሰውዬ እኮ አትቻልም!» ብላ ሳህኗን ዘረጋችለት። ዊብከ ብቻ አልሳቀችም። ኮርቢኒያን ቢላውን አነሳና ለሂልትሩድ ቆረሰላት፤ ትልቁን ቁራሽ።