በበሩ ፊት የተተከለው ችግኝ

አሮጊቷ ጉድጓዱን ገና ሲያዩት ቆም አሉ። የተቆፈረው ከልብስ ስፌት ፋብሪካው አዲስ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት እርምጃ እንኳ አይርቅም። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ግድግዳው ተበስቶ የተሠራውም ከቃጠሎው በኋላ ነው። አምና እሳቱ ሲነሣ መውጫው አንድ ብቻ ነበርና አሥራ አንድ ሴቶች ውስጥ ቀሩ። አንዷ የአሮጊቷ ልጅ ነበረች። ዛሬ የመታሰቢያውን ችግኝ ይትከሉ ተብለው የተጠሩትም ለዚሁ ነው። የልጅ ልጃቸው ሚጣ ደግሞ በእናቷ እግር ተተክታ እዚያው ትሰፋለች። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሥራ ከየት ይምጣ።

«ልጄ፣» አሉት ሥራ አስኪያጁን፣ «ጉድጓዱ ወደዚያ ፈቀቅ ቢል ምናለበት? ነገ ግንዱ ሲወፍር በሩን ይይዘዋል እኮ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ አለ። «እማማ፣ ይሄ ዛፍ እስኪሆን እኛም ምርኩዝ እንይዛለን። ደግሞ ፎቶው የሚያምረው እዚህ ነው።»

«እኔስ ምርኩዙን ይዣለሁ። የምፈራው ለነዚህ ልጆች ነው።»

ሚጣ እጅጌያቸውን ጎተተች። «እማዬ፣ በናትሽ ተዪው፤» አለች በጆሯቸው። «ኮንትራቴ የሚታደሰው ሰኞ ነው። ከዚህ ብወጣ የት እገባለሁ?»

ቢናገሩ ልጅቷ ከሥራ ትወጣለች፤ ዝም ቢሉ ዛፉ ያድጋል። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል። አሮጊቷ ተንበረከኩ። ችግኙ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ነበር። ፕላስቲኩ ካልተቀደደ ሥሩ መላወሻ አጥቶ እንደሚሞት አትክልት የነካ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። በሆዳቸው «ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ» አሉና ከነፕላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ አወረዱት።

የፋብሪካው አትክልተኛ መቅደጃውን ምላጭ ሊያቀብላቸው እጁን ዘርግቶ ነበር። ችግኙን አየ። ቀና ብሎ በሩን አየ። ምላጩን ኪሱ ከቶ አፈሩን ይመልስ ጀመር።

ሰው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ሚጣን ወደ ፊት ጠራት። «ዛፉን የምትንከባከበው እሷ ናት። የእናቷ አደራ አይደል? ከደረቀ እሷን ነው የምይዘው፤» አለ እየቀለደ።

የሚጣ ፊት በራ። ከቃጠሎው ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አሮጊቷ አላዩም።

«ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ፣ እማዬ። ደርቆ አታዪውም፤» አለችና ልታነሣቸው እጇን ሰጠቻቸው።

አሮጊቷ መዳፋቸው ላይ የቀረውን አፈር ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

«ውሃ እንዳታበዢበት፤» አሉ።