የቀረችው አንድ ፊልም

ወይ ያ ካሜራ! ሶልያና ሊሙ ገነት የቡና ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ስታየው በቃ ቁም ሳጥን ነው የመሰላት። ከእንጨት የተሰራ፣ ሦስት እግር ላይ የቆመ፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ የተንጠለጠለበት። ባለቤቱ ዳግማዊ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጠዋቱን ሙሉ የቡናውን ፎቶ ሲያነሳ አርፍዶ አንድ ፊልም ብቻ ቀርቶታል።

«ዳጊዬ፣ በእናትህ፣ እኔንና እማዬን አንሳን!»

ሶልያና ለሁለተኛው ሴሚስተር ሆሳዕና ከተማ አክስቷ ጋ ልትሄድ ነው። የእናቷ የሙሉነሽ ፎቶ ደግሞ መታወቂያዋ ላይ ካለችው፣ ከዚያች ከምታስፈራው በቀር የላትም። በስልክ ላንሳሽ ስትላት ወይ ትዞራለች ወይ ፊቷን ትሸፍናለች።

ዳግማዊ ጨርቁ ውስጥ አስገብቶ አሳያት። ኧረ ጉድ! እናቷ የካሜራው መስታወት ላይ ተዘቅዝቃ፣ ራሷ ወደ ታች፣ ዳስ ስር ባለው የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እየለቀመች ነው። የነጠላዋ ክር፣ የጥፍሯ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል።

«ዳሱ ስር ብርሃን የለም፤ አራት ሰከንድ ቀጥ ማለት አለባችሁ» አለ። «ማዘር፣ አይንቀሳቀሱም እሺ?»

«ምን ሆኜ እንቀሳቀሳለሁ?» አለች ሙሉነሽ።

ከአልጋው ማዶ የምትለቅመው ሀያት ሳቀች። «ያ ሙሉ! ዋላሂ፣ አንቺ እንኳን ለካሜራ ለመልአክም አትቆሚም!»

ሶልያና እናቷ ጎን ሄዳ ቆመችና ትንፋሿን ያዘች። ካሜራው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ይኼኔ እናቷ ቡናው መሃል አንድ ጥቁር ፍሬ አየች። እጇ ሄደ። ራሷም ተከትሎ ሄደ።

«እማ!»

«ታዲያ ትቀመጥ? አንዷ ናት እኮ ጆንያውን ሙሉ የምታበላሸው!»

በሳምንቱ ዳግማዊ ፎቶውን ትልቅ አድርጎ አሳትሞ መጣ። ቡናው አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሶልያና የግንባሯ ብጉር እንኳን ቁልጭ ብሏል፣ አያሳፍርም! የእናቷ ፊት ግን ጭስ ነው። ሶልያና አለቀሰች።

«ይሄን ይዤ ልሂድ? አክስቴ ይቺ ማናት ብትለኝስ?»

ሙሉነሽ ፎቶውን ተቀብላ አልጋው ላይ አስደገፈችው። የራሷን ፊት አልፈለገችም። በጣቷ ፍሬውን ረድፍ በረድፍ ትከተል ጀመር።

«እይልኝ፣ ይቺ አምልጣኛለች! ይቺም ተባይ የበላት ናት። ቆይ ቆይ...»

አፍጥጣ ቀረች። እጇም ራሷም ድርቅ አለ። ሶልያና እንባዋን እንኳን ሳትጠርግ ስልኳን አወጣች። አንዴ አነሳቻት፣ ደገመች፣ ጠጋ ብላ ሠለሰች። ሙሉነሽ ንቅንቅ አላለችም።

ሆሳዕና ይዛ የምትሄደው በቃ ይሄን የስልኳን ፎቶ ነው።