አንገቴን ስደፋ

ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ከቤታችን ጋር የተያያዘውን የብየዳ ቤቱን በር ከፍቶ፣ ባልዲውን ውሃ ሞልቶ፣ ዳቦና ሻዬን አስቀምጦልኝ ሥራውን ይጀምራል። ያን ቀንም እንዲሁ አደረገ። የክፍሌ ልጅ ሽቦ ሊጠራኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቅጥነቱን አይቶ ይህን ስም ያወጣለት ወንድሜ ነው።

«ዛሬም ነፋስ ሳይወስድህ ደረስክ?»

«ኪሴ ውስጥ ድንጋይ ይዤ ነው የምሄደው፣ ጋሼ።»

ወንድሜ ሳቀ፤ እኛም ሄድን። ሁለታችንም አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተቀመጥነው አንድ ዴስክ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ግን ክንዱ ሲነካኝ የምጽፈው ይጠፋብኝ ጀመር።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቀሚሴ ረጠበ። ስነሳ ሽቦ አየ። ምንም አልጠየቀኝም፤ ጃኬቱን አውልቆ «ወገብሽ ላይ እሰሪው» አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ሰው እንዳያየኝ ከኋላ ከኋላዬ ሄደ።

ወንድሜ የብየዳ ጭንብሉን ከፍ ሲያደርግ መጀመሪያ ያየው ካልሲዬ ላይ የወረደውን ደም ነው። ቀጥሎ የሽቦን ጃኬት አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

እናታችን ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የሳይንስ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ጽፋው ነበር። በወንድሜ ፊት ግን አልወጣ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«እሱ ነው?»

ቀና አላልኩም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

አላስጨረሰውም። በእጁ በያዘው ብረት ፊቱን መታው። ሽቦ የበሩ ፍሬም ላይ ወደቀ። ወንድሜ በጉልበቱ ደረቱን ተጭኖ ደገመው።

«እንደ ወንድሟ አይቼህ! ከቤቴ ስትገባ ስትወጣ!»

ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ደሙ የብረት ብናኙ ላይ ተረጨ። አንድ ቃል ብናገር ይተወው ነበር። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ምት ቆሜ አየሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጣ ገባች። እኔን አንድ ጊዜ አይታ ገባት።

«እጅህ ይሰበር፣ አንተ! የወር አበባዋ ነው እኮ። ልጅቷ አደገች እንጂ ማን ነካት?»

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ከላዩ ተነስቶ ሽቦን ሊያነሳው ቢጎነበስ ልጁ በክንዱ ፊቱን ሸፈነ። በክንዱ ሥር የሚያየው ወንድሜን ሳይሆን እኔን ነበር።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ታሰረ። ሽቦ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። የግራ ዓይኑ የለም።