መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም

«ጓደኛውን ጫካ ውስጥ ጥሎ የበረረ ሰውዬ እኮ ነው» ይላል ጋሽ ደምመላሽ፣ ቫኑን ባስነሳ ቁጥር። ሽማግሌና በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሾፌር ስለሆነ ወሬ ከተሳፋሪ ይለቅማል፤ ይህችኛዋን የሰጠው አንድ የአየር ኃይል ጡረተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ማስቲካ ያኝካታል።

«እርስዎን ምን ቸገረዎት?» ትለዋለች እድላዊት።

«እኔማ ምን ቸገረኝ። ካልሲ የምታለብሺው አንቺ።»

እድላዊት የሚስተር ቲልማን ኬርጊቨር ናት። አሜሪካ ኦክላንድ ውስጥ፣ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ምግቡንም መድኃኒቱንም የምታቀርበው እሷ ናት። ሰውየው በቬትናም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ወሬውንም ከደምመላሽ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጥላ ተከትሎታል። አንድ ቀን ሾርባውን እያማሰለ ነገራት። ሆሊስ የሚባል ነጭ ባልደረባው ከጎኑ ሲበር ተመታ፤ በፓራሹት ወርዶ ጫካ ዋጠው። ቲልማን በሬዲዮ ቢጠራው ቢጠራው መልስ የለም። ከታች እየተኮሱበት፣ ነዳጁ እስኪሟጠጥ ከላይ ዞረ። ከዚያ ተመለሰ። ሆሊስ ተማርኮ ለዓመታት ታሰረ።

«ነጭ ቢመለስ ነዳጅ አለቀበት ይባላል» አላት። «እኔ ስመለስ ሸሸ ተባልኩ።»

ከጦርነቱ በኋላ ያመለከተበት አየር መንገድ ሁሉ በሩን ዘጋበት፤ ያን ሁሉ ሰማይ ያወቀ ሰው ኦክላንድ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ ጡረታ ወጣ። ሆሊስ ተፈትቶ ሳን ሆዜ ከተመ። የአንድ ሰዓት መንገድ። አንዱም ለሌላው ሳይደውል አረጁ፤ ኩራት የሚሉት በሽታ ክኒን የለውም። አሁን ግን ደኒስ፣ የሆሊስ ልጅ፣ ደውላ ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘች። ሚስተር ቲልማን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጥለኸኝ ሄድክም ይበለው አልጣልከኝም፣ ብቻ ከሆሊስ ከራሱ አፍ ይስማው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱን አጥብቆ ደምመላሽ ቫን ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ሳን ሊያንድሮን እንዳለፉ የእድላዊት ስልክ ጮኸ። ደኒስ ናት፤ ታለቅሳለች። አባቷ ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል።

እድላዊት «እሺ፣ እሺ» ብላ ዘጋችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ምን ተባለ?» አለ ደምመላሽ በአማርኛ።

«የምንሄድበት ሰውዬ አረፈ።»

«ሆሊ...»

«ስም አይጥሩ! ስሙን ያውቃል።»

ደምመላሽ መሪውን ጨበጠ። «እንዳትነግሪው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ልቡ ቀጥ ቢልስ እዚህ መሐል? የራሱ ልጅ ከሳክራሜንቶ ይምጣ፤ ነገ በማለዳ፣ ሰው ከጎኑ ቁጭ ብሎ ይነገረዋል። ለዛሬ ካንስል ሆነ በይው፣ በቃ።»

እሷም ያደገችው በዚሁ ነው። የገዛ አባቷን ሞት እንኳ የነገሯት ጎረቤቱ ቤቱን ከሞላው በኋላ ነበር።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለ ሚስተር ቲልማን።

ዓይኑ ማጅራቷ ላይ ተሰማት። «ቀጠሮው ተሰርዟል። ዛሬ አይመቻቸውም።»

ደምመላሽ በቀጣዩ ኤግዚት ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ አዞረ።

«ወደ መቼ ተላለፈ?»

«አልነገረችኝም።»

«አይመቸኝም ያለው ሆሊስ ነው?»

አይደለም ማለት ነበረባት። አፏ ግን «እንጃ» አለ።

«ገባኝ» አለ ሚስተር ቲልማን። ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

እሑድ ማለዳ ልጁ ከሳክራሜንቶ መጣ፤ ደምመላሽም ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እንደ ወጉ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ተቀመጡና እድላዊት ነገረችው። ሚስተር ቲልማን አላለቀሰም።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ትናንት ጠዋት። መንገድ ላይ ሳለን ነው የተደወለልኝ። አይመቻቸውም ያልኩዎት ውሸቴን ነው፤ እኛ ዘንድ መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ሰውየውማ ሊያገኝዎት ጓጉቶ ነበር።»

ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ እጇን መታ መታ አደረገ። «ጥሩ ልጅ ነሽ። ትናንት ሊያየኝ አልፈለገም፤ ከዚያ ሞተ። አንቺ ደግሞ እንዳይከፋኝ ታሳምሪልኛለሽ።»

«እውነቴን ነው፣ ሚስተር ቲልማን።»

«ትናንትም እውነትሽን መስሎኝ ነበር።»

ደምመላሽ ማለ፣ ልጁ ለመነ። ሰውየው ንቅንቅ አላለም። «በሕይወት እያለ ያልፈለገኝን ሰው ሬሳው ላይ አልቆምም።»

የቀብሩ ዕለት ደምመላሽ ቫኑን አጥቦ ደጅ ቆመ። ሚስተር ቲልማን ፒጃማውን አላወለቀም። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈ። ደምመላሽ ባዶ ቫኑን እየነዳ ሄደ።

ከቀብር መልስ ደኒስ ደወለች። እድላዊት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ወደ ሰውየው ዘረጋች።

«ያስጠናሻትን ነው የምትለው» አለና የመስሚያ መሣሪያዎቹን ከጆሮው አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለምን ቀረ?» አለች ደኒስ። «አባቴ የሚነግረው ነገር ነበረው። ለእኛም የነገረን ባለፈው ሳምንት ነው። ጫካው ውስጥ ሆኖ ሬዲዮው ይሠራ ነበር። ሲጠራው ሰምቶታል። ድምፄን ከሰማ ጥሎኝ አይሄድም፣ እሱንም ይመቱታል ብሎ፣ ያጠፋው ራሱ ነው።»