ሀኒያ የመረጠችው ሞተር

የኸድሩ አሮጌ ፒካፕ የሞተው የቡናው ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። ከኮንጋ እሸት ቡና ጭኖ ሲወጣ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ። ተጎትቶ ዲላ ሲደርስ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ “ይሄ ከእንግዲህ ለመለዋወጫ ካልሆነ አይሆንም” አለ። ኸድሩ አልተከራከረም። አባቱ ከስልጤ መጥተው ዲላ ላይ የከፈቱትን ሱቅ ለሚስቱ ለመሪማ ትቶ እሱ ዕድሜውን መሪ ላይ የፈጀ ሰው ስለሆነ፣ የሞተሩን መጨረሻ በድምፁ ቀድሞ አውቆት ነበር።

ከዚያ በመጣው ክረምት ትልቋ ልጁ ሀኒያ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቃ ወደ ቤት መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ የመኪና ነገር ይስባታል። እህቶቿ እናታቸው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲያጣጥፉ እሷ አባቷ መኪና ስር ተኝታ መፍቻ ታቀብለው ነበር። የምረቃዋ እንግዶች በሄዱ ማግስት ኸድሩ አጠገቡ አስቀመጣትና፣ “አዲስ መኪና መግዛቴ አይቀርም” አላት። “የተማርሽው አንቺ ነሽ። የሚሻለውን አጣርተሽ ንገሪኝ፣ አብረን ሄደን እንገዛለን። ሥራውንም ከዚያ በኋላ አብረን እንይዘዋለን።”

ሀኒያ አባቷን አየችው። “የእውነትህን ነው?”

“ወላሂ የእውነቴን ነው።”

ከአዳማ፣ መኪና ከሚገጣጥም አንድ ድርጅት፣ የሥራ ጥሪ ደርሷት ነበር። መልሱን አዘገየችው።

ምርጫው በሁለት መኪኖች መካከል ነበር። አንደኛው ኸድሩ የለመደው ዓይነት ነው፤ ሰፊ ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ሳይጮህ ከታች ጀምሮ የሚጎትት። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ሆኖ በቱርቦ የሚታገዝ። ሀኒያ ቤት ተቀምጣ አልመረጠችም። በዝናቡ ከሹፌሮች ጋር ኮንጋና አሪቻ ወጣች፣ ዲላና ይርጋጨፌ ያሉትን ጋራዦች ዞረች። ቱርቦው የተቃጠለበት ሰው ስታገኝ ለምን እንደተቃጠለ ሳትጠይቅ አታልፍም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ለአባቷ አስረዳችው።

“ትልቁ ሞተር ክፉ አይደለም፣ አባ። ብዙ ነገር ይችላል፣ ቢበላሽም እዚሁ የሚሠራው አይጠፋም። ግን ናፍጣ ይጠጣል። ደግሞ እኛ የምንሠራው ደጋ ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ በደንብ አይተነፍስም። አንተም እኮ ከይርጋጨፌ በላይ ስትወጣ ይደክመዋል ትል ነበር።”

“እሱስ እውነት ነው።”

“ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ነው የሚያስገባለት። ለዚህ ነው ትንሹ ሞተር እዚያ ላይ ከትልቁ እኩል የሚጎትተው። ጣጣው እንክብካቤ መፈለጉ ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ፣ ዳገት ወጥተህ ሞተሩ እንደጋለ ወዲያው ካጠፋኸው፣ ቱርቦው ይሞታል። የተቃጠለባቸው ሁሉ እንደዚያ ያደረጉ ናቸው። እኔ ካለሁ ግን እከታተለዋለሁ።”

ኸድሩ ጥቂት አሰበ። ልቡ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለም፤ ቢሆንም ልጁ ባወራችው ነገር ኮርቶ ነበር። “እሺ፣ ትንሹ ይሁን” አላት። ቅዳሜ ሀዋሳ አብረው ሊወርዱ ተስማሙ። መሪማ ከሱቅ ስትመለስ ሀኒያ እያዜመች ልብስ ስትተኩስ አገኘቻት።

ነገሩን ያበላሸው ሻይ ቤት ነው። መናኸሪያው አጠገብ የዲላ መኪና ባለቤቶች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት አለ፤ ኸድሩ ከሰላት መልስ አይቀርም። በሳምንቱ አጋማሽ፣ አይሱዙ ያለው ጓደኛው ኡስማን ሰው በተሰበሰበበት ጠየቀው።

“መኪና ልትገዛ ነው አሉ። የቱን አሰብክ?”

ኸድሩ ነገረው።

“ቱርቦ?” አለ ኡስማን ብርጭቆውን እያስቀመጠ። “ትንሽ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም እኮ አህያ ላይ የበቅሎ ኮርቻ መጫን ነው። ለኮንጋ ጭቃ? ማን መከረህ?”

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ፣ “ልጁ ነች አሉ የምትመርጥለት” አለና ሰዎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ኸድሩም አብሮ ሳቀ። ግን ቤቱ እስኪደርስ ጆሮው ላይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኡስማን ደወለ። ሀዋሳ አንድ የሚያውቀው ደላላ ዘንድ ትልቅ ሞተር ያለው ንጹሕ ፒካፕ ገብቷል፣ ዛሬ ካልታየ ነገ አይገኝም አለ። ሀኒያ በማለዳ አሪቻ ወጥታ ነበር፤ ቱርቦ ፒካፕ ለረጅም ጊዜ የነዳ አንድ ሹፌር እንዳለ ሰምታ ለመጨረሻ ጊዜ ልትጠይቀው። ኸድሩ ስልኩን አንስቶ ስሟ ላይ ደረሰ። ብትሰማ ምን እንደምትል ያውቃል። ስልኩን ኪሱ ከተተና ከኡስማን ጋር ሀዋሳ ወረደ።

ሀኒያ አመሻሹ ላይ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ስትመለስ ደጁ በጎረቤት ተሞልቷል። ነጩ ፒካፕ በሩ ላይ ቆሟል። ሰዉ መብሩክ ይላል፣ ኡስማን ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። እሷ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች።

“ሌላ ሰው ሊወስደው ሲል ነው” አለ ኸድሩ ወደ እሷ ሄዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አጋጣሚው እንዳያመልጠን ብዬ።”

“ስልክ ይዤ ነበር እኮ፣ አባ።”

“ሞከርኩ። አሪቻ ኔትወርክ የለም መሰለኝ።”

ሀኒያ ስልኳን ለማየት እንኳ አላወጣችም። መኪናውን ዞረችው፣ ኮፈኑን አስከፈተች፣ የዘይት መለኪያውን መዛ ጠርጋ መልሳ ከታ አየች። “ጥሩ ሞተር ነው” አለች። “ንጹሕ ነው። መብሩክ፣ አባ።” ከዚያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ወደ ውስጥ ገባች።

ኸድሩ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ብትቆጣ ይከራከራል፣ ብታለቅስ ያባብላታል። ለመብሩኳ ግን ያሰበው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አዳማ ደውላ ሥራውን እንደተቀበለች ለእናቷ ነገረቻት። ለአባቷ የነገረችው እናቷ ናት።

“ልጅቷን አናግራት” አለችው መሪማ።

“ሥራ አግኝታ መሄዷ መጥፎ ነው እንዴ?”

“ስለ ሥራው አይደለም የምልህ።”

አላናገራትም። የሄደች ቀን ሻንጣዋን በአዲሱ መኪና መናኸሪያ አደረሰላት። መንገዱን ሙሉ የተነጋገሩት ስለ አዳማ ሙቀት ነበር።

የቡናው ወቅት መጣ። መኪናው የተመሰገነ ሆነ። ሌሎች ከመንገድ ሲወጡ እሱ ጭነቱን ይዞ ይዘልቃል፤ ጭቃ የያዛቸውንም ጎትቶ ያወጣል። ሻይ ቤት ሲገባ፣ “ኸድሩ መኪና ያውቃል” ይሉታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለው ነበር። ኋላ ግን ምስጋናው በመጣ ቁጥር ርዕስ መቀየር ጀመረ። ናፍጣ የጠፋ ሰሞን ማደያው በር ላይ ተሰልፎ ሲውል፣ በቶሎ የሚጠጣ ሞተር ይዞ የመሰለፉ ነገር ይከነክነዋል፤ እሱን ግን ይችለዋል። የማይችለው ሌላ ነበር። ሀኒያ በየጁምዓው ትደውላለች፣ “ሰላም ነህ አባ? ጤናህ ደህና ነው?” ትላለች፣ እሱም አልሃምዱሊላህ ይላል፣ ከዚያ ለእናቷ እንዲሰጣት ትጠይቀዋለች። ስለ መኪናው አንድ ቀን አልጠየቀችውም።

አንድ ቀን የኮንጋን ዳገት ጭኖ ወጥቶ አናቱ ላይ ሊያርፍ ሲቆም፣ ከኋላው ትንሽ ቱርቦ ፒካፕ ተከትሎት ወጣ። የተጫነው ከእሱ የሚያንስ አልነበረም። ከውስጡ የወረደው ደጀኔ ነው። ደጀኔ የኮንጋ ሰው፣ የራሱን ቡናና የጎረቤቶቹን እየሰበሰበ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚያቀርብ፣ እሁድ ቸርች ውስጥ መዘምራን የሚመራ ነው። ከኸድሩ ጋር ዘመናቸውን ሁሉ ይተዋወቃሉ።

“አዲስ ነው እንዴ?” አለው ኸድሩ።

“ዘንድሮ የገዛሁት ነው፣ ጋሼ።”

ተጨባበጡና ከእንሰቱ ጥላ ስር ቆሙ። የደጀኔ ሞተር አልጠፋም፣ ድምፁን አሳንሶ ይሠራል።

“አጥፋው እንጂ። ናፍጣ ይበላብሃል።”

“አይ፣ ትንሽ ይቆይ። ከዳገት በኋላ ሳይበርድ አታጥፋ ብሎኛል ሀኒያ።” ደጀኔ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነው የሚጠራው። “እሱ እኮ ነው ይሄን የመረጠልኝ። ክረምት ላይ ከእኛ ጋር ሲወጣ ሲወርድ ነበር አይደል፣ ያኔ አስረዳኝ።”

ኸድሩ ወደ መኪናው እያየ፣ “ጥሩ ይሄዳል?” አለ።

“ችግር የለም። በየጊዜው ይደውላል። ዘይት ቀየርክ ወይ፣ ድምፁ ተለወጠ ወይ ይለኛል። ባለፈው ፉጨት ነገር ሰማሁ ስለው በስልክ አሰማኝ አለ፣ አሰማሁት። የላላ ቱቦ ነው፣ አጥብቀው አለኝ። እውነትም ላልቶ ነበር።” ደጀኔ ሳቀ። “ልጅህ ጎበዝ ነው፣ ጋሼ። እግዜር ይባርከው።”

“አሜን” አለ ኸድሩ።

ቀሪውን መንገድ ማጠቢያው ድረስ እንዴት እንደነዳ አላስተዋለም። የእሱ ሞተር ዳገቱን ወጥቷል፤ የደጀኔም ወጥቷል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሻይ ቤት ያስጨነቀው ነገር፣ ለሱ ብሎ ልጁን የዋሸበት ነገር፣ ይህን ያህል ብቻ ነበር። የሰው መኪና ፉጨት በስልክ የምታዳምጥ ልጁ ደግሞ የእሱን ድምፅ ስትሰማ እናቴን አቅርብልኝ ትለዋለች።

በዚያ ሳምንት ራሱ ደወለላት። ሰላምታው እንዳለቀ፣ “መኪናው ናፍጣ አብዝቷል። ምን ላድርግ ትያለሽ?” አላት።

“ዲላ ጥሩ መካኒኮች አሉ፣ አባ። አስፈትሸው።”

“አንቺ ምን ይመስልሻል ብዬ ነው።”

“ሳላየው ምን እላለሁ” አለች በትሕትና። ከዚያ ስለ ጤናው ጠየቀችው።

ለዒድ ስትመጣ ቁልፉን ሰጣት። “እስከ ጪጩ አድርሺኝ፣ የማየው ሰው አለ” አላት፤ የሚያየው ሰው አልነበረም። ሀኒያ በዝግታ ነዳች፤ ማርሽ ስትቀይር መኪናው ንቅንቅ አይልም። ጪጩ ገበያ ጥግ ላይ አቁሚው አላትና ሁለቱም መስታወቱን አሻግረው የገበያውን ሰው እያዩ ተቀመጡ።

“ያን ቀን አልደወልኩልሽም” አለ ኸድሩ። “ኔትወርክ የለም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ሰው ሳቀብኝ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

ሀኒያ እጇን ከመሪው ላይ አላነሳችም። “መኪናውስ ይሁን። አንተ የምትነዳው መኪና ነው፣ ትልቁን እፈልጋለሁ ብትለኝ እኔም እሱን እመርጥልህ ነበር። እኔ ግን ለጓደኞቼ ሁሉ ከአባቴ ጋር ልሠራ ነው ብዬ ነግሬ ነበር። ስመለስ ኡስማን ጎማውን ሲመታ አገኘሁት። ያን ቀን በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ እንደሌለኝ ነው የገባኝ።”

“ቦታው አሁንም አለ። ሁለተኛ መኪና አስቤያለሁ። አንቺ የመረጥሽው ይሆናል። ነይና አብረን እንሥራ።”

“እዚያ አሁን ከኔ ስር የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ አባ። ያዘዝኩት ይሆናል፣ ስሳሳትም የሚያርመኝ አለ። ወድጄዋለሁ። ያኔ ብትጠይቀኝ መልሴ ሌላ ነበር።”

ኸድሩ ሊለምናት አፉን ከፈተ፤ ግን የሚለምነው ለራሱ እንደሆነ ታወቀውና ተወው። “ልክ ነሽ” አላት። ሲመለሱም እሷ ነዳች። መኪናው ዘመም ይላል፣ የፊት ጎማዎቹን አሰላለፍ አስፈትሽ አለችው፤ እሺ አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ መናኸሪያ አደረሳት። ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ አውቶቡሱ ላይ ጫነላት፣ እጁን ሳመችው፣ ግንባሯን ሳማት። ሲመለስ መሪማ ሱቁ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

“ምን አለች? ትመጣለች?”

“ለአረፋ እመጣለሁ ብላለች።”

“እኔ ስለ በዓል አይደለም የጠየቅኩህ።”

ኮንጋ ኸድሩን የሚጠብቀው ጭነት ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ እንደወትሮው በአንድ ጊዜ ተነሣ። የጎን ባለሱቅ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ “ይሄ መኪና መቼም አያስቸግርም” አለው። ኸድሩ እጁን ብቻ አንሥቶለት ሄደ።