የበረንዳው ዕድሜ

አርባ ሦስት፣ ከየትም ብትደምረው አርባ ሦስት ነው፣ ግድግዳው አሥራ ስምንት፣ ጣሪያው አሥር፣ ደረጃው አሥራ አምስት፣ ቤቱ ከመፍረስ የሚድነው ደግሞ ሃምሳ ነጥብ ሲሞላ ነው፣ የበረንዳው አሥራ አምስት ከተጨመረ ሃምሳ ስምንት፣ ተመስገን ያሰኛል፣ ግን በረንዳውን የሠራው አባቷ ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት። እሷ ቅጹ ላይ በገዛ እጇ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ፣ ብላ ጽፋለች፣ ጉድ እኮ ነው።

የከተማውን አሮጌ ቤቶች ለማዳን የቆመው ማኅበር ለዚሁ ነው የቀጠራት፣ ሜትርና ካሜራ ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች እንድትመዘግብ፣ በረንዳውንም ከድሮው ፎቶ ጋር አስተያይታ ቋሚ በቋሚ ቆጥራለች፣ አንድም አልጎደለም፣ እንዴት ይጎድላል፣ አባቷ ከበሰበሰው በረንዳ አንዱን ቋሚ ነቅሎ እሱን እያየ ነው ሠላሳ አራቱን የጠረበው፣ አራተኛ ክፍል ነበረች፣ ሁለት ወር ሙሉ ፀጉሩ ሰጋቱራ እንደለበሰ ይገባ ነበር፣ የት እየሠራህ ነው ብሎ መጠየቅ ማን ከለከላት። ልጅ ነበረች። እሺ፣ አሁንስ?

እሁድ ዕለት የበረንዳው ፎቶና ዕድሜ የወጣበትን የማኅበሩን መጽሔት ስታሳየው ነው ነገሩ የፈነዳው፣ መነጽሩን አደረገ፣ አየ፣ እስኪያስለው ሳቀ፣ የመቶ ዓመት! ኧረ ልጄ፣ እኔንስ ስንት ዓመቱ ነው ልትዪ ነው! ከዚያ ሳቁ ቆመና፣ ስሜን ግን አልጻፋችሁም፣ አለ። ቅር ብሎታል። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ለማያውቀው ሰው፣ ያን በር አዩት፣ የኔ እጅ ነው፣ የሚል ሰው ነው።

ትናንት ለሊቀመንበሩ ነገረቻቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ አሏት፣ ተማሪዎቻቸውንም እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት? ብጠየቅስ? ወረቀታቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ። እሷም በሩን ዘግታ ወጣች፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ይኸው።

መሃንዲሱ ከማዘጋጃ ቤት መጥቶ በረንዳው ላይ ቆሟል፣ ቋሚዎቹን በጣቱ ይመታል፣ ኳ፣ ኳ፣ ጤነኛ እንጨት ነው ይላል፣ የመቶ ዓመት እንጨት ሆኖ አልጠነከረም? እርግጠኛ ነሽ እህቴ? የሜትሯን ጫፍ ትስባለች፣ ትለቃለች። አባቴ ነው የሠራው፣ ትበል? ሦስት ቃል፣ ከዚያ ለመንገዱ ማስፋፊያ ዶዘር ይመጣል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ወይም ዝም ትላለች፣ ከቅጹ ግርጌ ደግሞ፣ ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ፊርማ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ሲጠራ የት ልትገባ ነው።

ምን ሆንሽ፣ ይላል መሃንዲሱ፣ ከበረንዳው ወደ ታች ወደ መንገዱ ጎንበስ ይላል፣ አባባ፣ የሰፈሩ ሰው ነዎት?

አባባ። አባቷ ነው፣ አትምጣ ብላው ነበር እኮ! ከዘራውን ይዞ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ አንጋጦ። አለቀ፣ ሊናገር ነው፣ ይሄ ሰው ዝም አይልም።

ይሄን በረንዳ ያውቁታል?

እንዴት አላውቀውም።

ማን ሠራው?

አባቷ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ እሷን አያያትም፣ እኔ ልጅ ሆኜም እዚሁ ነበር፣ ይላል፣ የሠራው ሰው ነፍሱን ይማረውና ድሮ ሞቷል።

እግዜር ይስጥልኝ አባባ። መሃንዲሱ ይጽፋል፣ ቅጹን ያቀብላታል፣ ኧረ አባዬ፣ መዋሸትህ ሳያንስ በቁምህ ነፍስ ይማር፣ ምን በወጣህ፣ አፏን ትከፍታለች፣ ከታች ያያታል፣ ልጅ ሆና መጋዙን ልትነካ ስትል እንደሚያያት፣ ተይ። ትፈርማለች። ታፍራለች፣ ቤቱ አይፈርስም፣ ደስ ይላታል፣ አሁንም ታፍራለች።

ክንዱን ይዛ መንገድ ታሻግረዋለች፣ ልትቆጣው ነው፣ ለምን ዋሸህ፣ ማን ለምኖህ፣ እሱ ግራ ቀኙን ያያል፣ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ይላል፣ ያ መሃንዲስ፣ በጣቱ ሲመታው፣ አላወቀም አይደል?

አላወቀም።

ጭራሽ?

ጭራሽ አባዬ፣ ትለዋለች፣ እንባዋ ይመጣል።